ሁሉም የተሰበረው ነጭ ሴራሚክ

«ሁሉም ነው የተሰበረው?»

«አዎ እህቴ... ሁሉም።»

«አንድም ሳይተርፍ?»

«አንድም።»

ልጅቷ የጉዞ ቦርሳዋን ከትከሻዋ እንኳ ሳታወርድ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ወለሉን አየች... ሴራሚክ ሠሪውን አየች... ደግማ ወለሉን አየች።

ግራ ገባት።

ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ከመሄዷ በፊት፣ ለእናቷ ብላ ሱቅ ለሱቅ ዞራ የመረጠችው እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ ነጭ ሴራሚክ ነበር። አሁን የተነጠፈው ግን ሻካራ፣ ደብዛዛ፣ ግማሹ አመድማ፣ ግማሹ ቡናማ... የሰው ቤት ትርፍራፊ!

«ይሄንንስ ከየት አመጣኸው?»

«ሌላ ሥራ ላይ የተረፈኝ ነው።»

«ማን አድርግ አለህ?»

«ማንም አላለኝም። ጥፋቱ የኔ ነው... ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ሰው አንድ ሁለት ይሰብራል፣ እሺ... እንዴት የአንድ ክፍል ሴራሚክ እንዳለ ይሰብራል? ለዚያውም ሰፈሩ ሁሉ «እጁ ይባረክ» የሚለው ሰውዬ!

ወደ ሳሎን ዞረች።

«እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ሲሆን አንቺ የት ነበርሽ?»

እናት ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ፣ «ተዪው ልጄ... ደስ ይላል እኮ» አሉ።

ይሄ ደግሞ ባሰ! እናቷ እኮ መጋረጃ ትንሽ ሲንጋደድ እንኳ የማያስችላቸው ሴት ናቸው። ዛሬ ይሄ ዥጉርጉር ወለል ደስ አላቸው?

እናትና ሴራሚክ ሠሪው ተያዩ... ወዲያው ሁለቱም መሬት መሬቱን አዩ።

አየቻቸው። ምን እንደሆነ ግን አልገባት አለ።

ያልገባትን ነገር በንዴት ሞላችው።

«የኔን ሸጠህ በልተህ ነው! ሌባ! ውጣልኝ ከቤቴ!»

ሰውየው የጎማ መዶሻውን ባልዲው ውስጥ ከተተ፣ ለእናትየው ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠና ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት የእናቷን የቀሚስ ዚፕ ልትዘጋላቸው ከኋላ ቆመች...

እጇ ዚፑ ላይ ቀረ።

የእናቷ ጀርባ ከትከሻቸው እስከ ወገባቸው በልዞ ጠቁሯል።

«እማዬ! ምንድነው ይሄ?»

እናት እንባ ቀደማቸው።

«አዳልጦኝ ነው... ያ ነጩ ላይ። ሴራሚክ ሠሪው ነው የቀረውን ሊጨርስ መጥቶ ያነሳኝ፣ ሐኪም ቤትም የወሰደኝ። ለልጄ እንዳትነግራት ብዬ አስማልኩት።»

ልጅቷ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ሮጠች። ሰውየውን ከሰፈሩ ጫፍ ካለ ጅምር ቤት ውስጥ ተንበርክኮ ሲያነጥፍ አገኘችው።

«ሌባ ስልህ እንኳ እንዴት ዝም ትላለህ?»

ቀና አለ።

«እናትሽ አስማሉኛ! ‹ልጄ ለኔ ብላ የመረጠችው ነው፣ እሷ ከሚከፋት እኔ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ እሄዳለሁ› አሉኝ። እንዳልነግርሽ ምያለሁ... ትቼው እንዳልሄድ ደግሞ ሆዴ እምቢ አለኝ። ስለዚህ የማያዳልጥ ላነጥፍ ብዬ ነጩን አነሳሁት። በደንብ ይዞ ስለነበር እንዳለ ተሰባበረ።»

ልጅቷ የሲሚንቶ ከረጢቱ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «ይቅርታ አድርግልኝ...» አለችው።

እሱ ግን ሌላ ነገር ነበር የጠየቃት...

«ወገባቸው ተሻላቸው?»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ሰው በከንቱ በመስደቧ ብቻ አይደለም... የገዛ እናቷ «አልተመቸኝም» ለማለት ስለፈሯት ጭምር እንጂ።

ወዳጆቼ... ያልገባን ነገር ሲገጥመን ከመፍረዳችን በፊት እንጠይቅ። ለወላጆቻችን ስጦታ ስንሰጥ ደግሞ «ይሄ አይሆነኝም» የማለት ነፃነትንም አብረን እንስጣቸው።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ... እናታችሁ ወይ አባታችሁ እናንተ እንዳይከፋችሁ ብለው ዝም ያሉት ነገር ይኖር ይሆን? ጠይቃችኋቸውስ ታውቃላችሁ? 👇