ሙቅ ውሃ

የቆሰበር ከተማ ብርድ ስለማይቻል፣ ሲስተር እመቤት የሴቶችን ማኅፀን ከመመርመሯ በፊት ሁልጊዜ እጇን በሙቅ ውሃ ታሞቅ ነበር። ምርመራው በስልክ ከሆነ ወዲህ ግን የምርመራ አልጋው የካርቶን ማስቀመጫ ሆነ።

ታካሚዋ አምሳለ ከጥሊሊ ደውላ፣ «ሲስተር፣ ደሙ አልቆም አለኝ፤ ልምጣና እይኝ» ስትላት፣ «ምን ያንከራትትሻል? በስልኩ ይበቃል» ብላ መድኃኒት አዘዘችላት።

አምሳለ በሰኔ ተቀበረች። እመቤት ቀብር አልሄደችም፤ ቁጥሯን ግን ከስልኳ ማጥፋት አቃታት።

ዛሬ ጠዋት ክፍሉን ስትከፍት ካርቶኖቹ ከአልጋው ወርደው መሬት ላይ ተደርድረዋል። ከመጋረጃው ሥር ጭቃ የያዘ የላስቲክ ጫማ ተቀምጧል። እመቤት እንደ ድሮ ልማዷ፣ ከፔርሙሱ ሙቅ ውሃ ወደ ሳህኑ ቀዳች።

«ተይው፣ ሲስተር» አለቻት አምሳለ ከመጋረጃው ጀርባ። «አሁን ብርድ አይሰማኝም።»