ወራጅ ካለ

ማንያህልሻል ድምፅ ማጉያውን ይዛ ብድግ ስትል፣ ወለሉ ላይ ተጠጋግተው የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ቀና ብለው አዩዋት። ከሁለት መቶ በላይ ናቸው። አውሮፕላኑ የሩሲያ የጭነት አውሮፕላን ነው፤ ወንበር የለውም። የኋላ በሩ እንደ መወጣጫ ሜዳው ላይ ተዘርግቷል፤ በእሱ በኩል የቆቦ የጠዋት ፀሐይ ከነአቧራው ይገባል። ሞተሩ ገና አልተነሣም።

አራት ዓመት የሠራችው በመንገደኛ አውሮፕላን ላይ ነው፤ አስተናጋጅ ነበረች። ማስታወቂያ ስታነብ ቀልድ ጣል ማድረግ ትወድ ነበር። አየሩ ሲያንገጫግጫቸው «አይዟችሁ፣ የደሴ መንገድ ከዚህ ይብሳል» ትላለች፤ መንገደኛው ይስቃል። አለቃዋ ግን አልወደዱላትም። ሰው ነፍሱን አደራ ሰጥቶን በተቀመጠበት አይቀለድም ብለው ሁለት ጊዜ አስጠንቅቀዋታል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሰፋሪ የሚያጓጉዘው በረራ ሲጀመር፣ የጎብዬ ልጅ ናት፣ ያገሩን ሰው ታውቀዋለች ተብላ ለአንድ ወር ወደዚህ ተላከች።

የመጀመሪያ ቀን አልቅሳለች። በሦስተኛው ቀን እንቅልፍ አጣች። አሁን ግን ደህና ትተኛለች፣ እህልም ይወርድላታል። የሰዎቹን ፊት አታይም፤ ስትናገር ከራሳቸው በላይ ያለውን ብረት ነው የምታየው።

ዛሬ ጠዋት የሰፈራው አስተባባሪ ታምሬ ጠርቷት ነበር። ትናንት በሌላኛው አውሮፕላን አንድ ሰው ደንግጦ በሩን ልክፈት ሲል ሰው በሰው ላይ እንደተረማመደ ነገራት። ቀልደኛ ነሽ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እስቲ ፈታ አድርጊያቸው አላት። እዚያ የተቆጧት በቀልዷ ነው፣ እዚህ የታዘዘችው ቀልድ ነው። ይህም ምንም አልመሰላትም። እሺ ብላ ወጣች።

የማስታወቂያውን ወረቀት የመጀመሪያ ገጽ አነበበች። አትቁሙ፤ ጆሯችሁ ቢደፈን ምራቃችሁን ዋጡ፤ ልጆቻችሁን ጭናችሁ ላይ ያዙ። ከዚያ አጠፈችውና በጎብዬ አነጋገሯ ቀጠለች።

«ይኼ እንደ ወልድያ አውቶቡስ አይደለም፤ መሃል መንገድ ላይ ወራጅ አለ ማለት የለም። ሾፌሩም አማርኛ አይሰማም። የሚወርድ ካለ አሁኑኑ ይናገር።»

ጥቂቶቹ ፈገግ አሉ። አንድ ጎልማሳ ላልሰማው ጎረቤቱ ደገመለት። ታምሬ በሩ አጠገብ ቆሞ ራሱን በእርካታ ነቀነቀ።

ከመሃል አንዲት ሴት ተነሥታ ቆመች።

«እኔ እወርዳለሁ» አለች።

ሲቲ የምትባል የዋጃ ሴት ናት። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ነገሯን አስረዳች። ልጇ ቆቦ በበሽተኞች ድንኳን ውስጥ ተኝታለች። ሲመዘግቧት፣ አንቺ ቅደሚ፣ እሷ ስትሻላት በሚቀጥለው አውሮፕላን ትከተልሻለች ብለዋት ነበር። እሷም ተሰለፊ ሲሏት ተሰለፈች፣ ግቢ ሲሏት ገባች።

«የሚወርድ አለ ወይ ብሎ እስካሁን ማንም አልጠየቀኝማ» አለች።

«ቀልድ ነው እህቴ፣ ተቀመጪ» አላት ታምሬ።

ሲቲ ወደ እሱ አልዞረችም። ማንያህልሻልን ነው የጠየቀቻት።

«ቀልድ ነው እንዴ?»

ማንያህልሻል ከብረቱ ላይ ዓይኗን አወረደች። ሴትዮዋ በእሷ ዕድሜ ያለች ናት። አቧራው ቅንድቧ ላይ ተጋግሯል። የትናንቶቹ የተወሰዱት ወለጋ ነው፤ እነዚህ የሚሄዱት ኢሉባቦር ነው፤ የነገዎቹ የት እንደሚደርሱ ግን ማንም አልነገራትም።

«አይደለም» አለች። «ውረጂ።»

ታምሬ በሰው መሃል እየተረማመደ መጥቶ በጆሮዋ አንሾካሾከ። ዝርዝሩ ተፈርሞበታል። አንዷ ከወረደች ሌላውም እወርዳለሁ ይላል፤ ያን ጊዜ የሚጠየቀው ማነው?

«እኔን ጻፉኝ» አለችው፣ ማስታወቂያ በምታነብበት ድምፅ። «ታማለች፣ በረራ አትችልም ብላ አስተናጋጇ አወረደቻት በሉ።»

ታምሬ ዝርዝሩን አየ፤ ሰዎቹን አየ። ስሟን ፈልጎ ሰረዘና «በይ ቶሎ በይ» አለ፣ ለማን እንደሆነ ሳይለይ።

ሲቲ በሰዎቹ ጉልበት መካከል እየተሻገረች ሄደች። ማንያህልሻል አጠገብ ስትደርስ «አላህ ይስጥሽ» ብላት አለፈች። መወጣጫውን እንደጨረሰች ሻርፗ ከራሷ ተንሸራተተ፤ ሳትመልሰው፣ ወደኋላም ሳትዞር፣ በድንኳኖቹ አቅጣጫ ፈጥና ተራመደች።

ታምሬ በሩን ለሚዘጋው ወታደር በእጁ ምልክት ሰጠው። ሞተሩ ተነሣ፤ በሩም ከመሬት ተላቆ መዘጋት ጀመረ።

ያን ጊዜ ነው ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ያነሡት። በገበሬ ማኅበር ስብሰባ እንዳስለመዷቸው፣ ክንዳቸውን ቀጥ አድርገው። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፃቸውን ግን ሞተሩ ዋጠው። ማንያህልሻል አየቻቸው። ታምሬም አያቸው፤ ከዚያ ዞሮ እሷን አያት። የበሩ ብርሃን ጠበበ፣ ጠበበና ጠፋ። ከጣሪያው ላይ አንድ አምፖል በራ።

ወረቀቱን ዘረጋች። ሁለተኛውን ገጽ አንድም ቃል ሳትጨምር፣ እንደተጻፈ ማንበብ ጀመረች። በዚያ ጩኸት ማንም እንደማይሰማት ታውቃለች።

ሽማግሌው እጃቸውን አላወረዱም። አውሮፕላኑ ሲንደረደር እጃቸው እንደተነሣ ነው፤ መሬት ሲለቅም እንደተነሣ ነው። ሽቅብ ሲያዘነብል ክንዳቸው በራሱ ጊዜ ዘመመና አጠገባቸው በተቀመጠው በማያውቁት ሰው ትከሻ ላይ አረፈ። ሰውየው ትከሻውን አላሸሸባቸውም።