ነገ ነው

ሰውየው የማሊዋን ጥንታዊት ከተማ ጄኔን ከረገጠ ዘጠኝ ቀኑ ነው። የመጣው ለአንድ ነገር ነበር፤ ከተማው በሙሉ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ያንን ግዙፍ የጭቃ መስጊድ በአንድ ጠዋት መርጎ ሲጨርስ ለማየት። ቀኑን የሚቆርጡት ግን ግንበኞቹ ናቸው፤ ጭቃው በደንብ ካልቦካ አይነኩትም።

«መቼ ነው?» ሲለው አስጎብኚው ባካሪ፣ «ነገ ነው፣ አጎቴ» ይለዋል። ሲነጋ «ጭቃው እምቢ አለ» ብሎ ጨርቅ የምትሸጥ አክስቱ ጋ ይወስደዋል። በማግስቱ ደግሞ ዓሣ በሩዝ የምትሠራ ሌላ አክስት። በዘጠኝ ቀን ሰባት አክስት ተዋወቀ።

በዘጠነኛው ቀን አመሻሽ ላይ ባካሪ እያለከለከ መጣ።

«አጎቴ፣ ነገ ነው! እናቴ ትሙት!»

«የቀረች አክስት አለች እንዴ?»

«የለችም! ጨረስኳቸው እኮ!»

ሰውየው ሻንጣውን ቆለፈ። ይቺን ጨዋታ አሳምሮ ያውቃታል። እሱ ራሱ ላሊበላ ላይ ሃያ ዓመት አስጎብኝቷል፤ «ነገ ትልቅ ንግሥ አለ፣ አንድ ቀን ብቻ እደሩ» እያለ ስንቱን ፈረንጅ አሳድሯል።

ጎህ ሲቀድ ከተማዋን ለቆ በጀልባ ወንዙን ተሻገረ። ማዶ ሲደርስ ዳርቻው በሰው ተጨናንቋል፤ አሮጊት የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ ሁሉም ባዶ የጭቃ መሸከሚያ ቅርጫት ይዞ እየዘፈነ ጀልባዋ ላይ ተሳፈረ። ወዲያው ሞላች።

«እኔም ልመለስ!» ብሎ ጮኸ።

ጀልበኛው የራሱን ቅርጫት ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ዳርቻውን በዘንጉ ገፋ።

«ይቺ የመጨረሻዬ ናት፤ እኔም ምርጊት አለብኝ» አለው። «ነገ ና፣ አጎቴ።»