አሥራ ሁለተኛው ኮምፒውተር

«መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ፤ ስሞቹን አንተው አንብብልኝ» አሉ ወይዘሮ ተራኒሺ። የሱቁ ኮምፒውተር ሻጭ ኢሶዳ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ።

አሮጌው ላፕቶፕ ሆዱ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አልነሳ ካለ ሦስት ወር ሆኖታል፤ የሴትየዋ ባል ያረፉትም ያኔውኑ ነው። ኢሶዳ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ለእይታ ከተቀመጠ አዲስ ኮምፒውተር ጋር በገመድ አገናኘው። ሟቹ በየዓመቱ የአዲስ ዓመት ካርድ የሚልኩላቸው ሰዎች ዝርዝር ተከፈተ። አንድ መቶ አርባ ሁለት ስም።

ሐዘን የገባበት ቤት የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ አይልክም፣ አይቀበልም። ወዳጅ ዘመድ ካርዱን መጻፍ ሳይጀምር፣ ግራጫ ጠርዝ ባለው ካርድ «ዘንድሮ ሐዘን ላይ ነን» ብሎ ማስታወቅ ወጉ ነው። አዲሱ ዓመት ሊገባ አንድ ወር ቀርቶታል።

«ካርዱ በጊዜ ካልደረሰ» ብለው ነበር ሴትየዋ ገና ሲገቡ፣ «ያ ሁሉ ሰው ሙቱን እንኳን አደረሰህ ሊል ነው።»

ዝርዝሩን በፍላሽ ገልብጦ ምድር ቤት ላለው የፎቶ ማተሚያ መስጠት ይበቃ ነበር። ኢሶዳ ግን እንዲያ አላላቸውም። «አዲስ ማሽን ላይ ካልተጫነ አይታተምም» ነው ያላቸው። ዘጠና ስምንት ሺህ የን። ሴትየዋ አልተከራከሩም። የሽያጩ ቅጽ ተሞልቷል፤ የቀረው በፊርማ ፈንታ የሚያሳርፉት ማኅተማቸው ነው።

በፊት በፊት የታካኦካ ከተማ ሰው ኮምፒውተር የሚገዛው በዚህ ወር ነበር፤ ካርድ ሊያትምበት። አሁን ወጣቱ በስልኩ ሰላም ይባባላል፤ ሽማግሌውም ካርድ መላኩን እየተወ ነው። ሥራ አስኪያጁ ቁርጡን ተናግሯል፦ በዚህ ወር አሥራ ሁለት ኮምፒውተር ካልተሸጠ የኮምፒውተር ክፍሉ ቦታ ለመታሻ ወንበሮች ይሰጣል፣ ኢሶዳም መጋዘን ይወርዳል። ወሩ ዛሬ ያልቃል። እስካሁን የተሸጠው አሥራ አንድ ነው።

ከስልክ መሸጫው በኩል ባልደረባው ሳኩማ መጣችና ጎንበስ ብላ በጆሮው፣ «ጋሼ፣ የኮምፒውተር ሙዚየሙ ዛሬ ጎብኚ አገኘ?» አለችው።

«ሂጂ ወደ ሥራሽ።»

«መግቢያው ስንት ነው ብዬ ነው» አለችና አፏን በእጇ ሸፍና ሄደች።

ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሁለት ረድፍ ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። በላይኛው ረድፍ የተላከው፣ በታችኛው የመጣው ካርድ በየዓመቱ ምልክት ይደረግበታል።

«አሳካ። ናጎያ።»

«የአክስቱ ልጅ ናት። ትቆይ።»

«አራታኒ።»

«እሱማ ሞቷል። የባሌን ሞት እዚያው ሆኖ ከማናችንም በፊት ሰምቶታል። ሰርዘው።»

«ኢኩታ።»

«ላለፉት ሁለት ዓመታት መልሷል?»

«አልመለሰም።»

«ይውጣ። ሁለት ዓመት ያልመለሰ ይወጣል፤ የኔ ሕግ ነው። ባሌ ሰው መሰረዝ አይሆንለትም ነበር።»

ኢሶዳ ወደሚቀጥለው ስም ወረደ። አላነበበውም።

«ምነው? ማሽኑ ቆመ እንዴ?»

«አልቆመም። ኢሶዳ ይላል። አድራሻው የዚህ ሱቅ ነው። ሁለተኛ ፎቅ፣ ኮምፒውተር ክፍል።»

ላይኛው ረድፍ ላይ አሥራ አንድ ሳጥኖች ምልክት አላቸው። ከሥራቸው ያሉት አሥራ አንዱም ባዶ ናቸው።

ተራኒሺ የሚለውን ስም ሴትየዋ ገና ሲናገሩ ሊያስታውሰው ይገባ ነበር። አሮጌውን ላፕቶፕ ለሟቹ የሸጠላቸው እሱ ነበር፤ ካርዶቻቸው አሁን ትዝ አሉት። ወደ ግራ ዘመም ብለው የታተሙ፣ ከግርጌያቸው በእጅ «ማሽኑ ዘንድሮም ይሠራል» ተብሎ የተጻፈባቸው። መልስ አዲሱ ዓመት በገባ በሰባት ቀን ውስጥ መድረስ አለበት፤ የሱቁ የበዓል ቅናሽም የሚያበቃው በሰባተኛው ቀን ነውና እስከዚያ ፋታ አያገኝም። ከዚያ ወዲያ መጻፍ ያሳፍራል። ለከርሞ እመልሳለሁ ሲል አሥራ አንድ ዓመት ሄደ።

«መልሶ ያውቃል?» አሉ ሴትየዋ።

«አያውቅም።»

«አንድም ጊዜ?»

«አንድም ጊዜ።»

ማኅተሙን ከቦርሳቸው አውጥተው በጣቶቻቸው ያገላብጡታል። ኢሶዳ ጣቱን መሰረዣው ላይ አድርጎ ጠበቀ።

«አሁንም እዚሁ ነው የሚሠራው?»

ለቋል ማለት ይቻል ነበር። ሴትየዋ በደረቱ ላይ ያለውን ስም ማንበብ አይችሉም።

«እኔ ነኝ» አለ። ከወንበሩ ተነስቶ ጎንበስ አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማሽኑም አያስፈልግዎትም። ምድር ቤት ያትሙልዎታል፤ ቢበዛ አሥር ሺህ ነው።»

ወይዘሮ ተራኒሺ ዓይናቸውን አጥብበው ፊቱን አዩት። ፊቱ ሳይጠራላቸው አልቀረም፣ ወይም ጭራሽ አልታያቸውም። ማኅተሙን ወደ ማኅደሩ መለሱና ክዳኑን ገጠሙት። ኢሶዳ ቅጹን ለሁለት አጠፈው።

«ምድር ቤቱ ስንት ሰዓት ይዘጋል?»

«ማታ ሁለት ሰዓት።»

«እንግዲያው ቁጭ በልና ቶሎ ቶሎ እንጨርስ።»

ተቀመጠ። «ልሰርዘው?»

«ማንን?»

«ይህን። ራሴን።»

«አድራሻው የሱቁ ነው አላልክም? እሱን አጥፋና የቤትህን አስገባ። ሱቅ የተላከ ነገር መልስ የለውም።»

ኢሶዳ የፎቁን ቁጥር አጠፋ፣ የሱቁን ስም አጠፋ። ይህን የካርድ ዝርዝር መያዣ ፕሮግራም ለስንት ሰው ጭኖ ሸጧል፤ የገዛ ቤቱን አድራሻ ግን ጽፎበት አያውቅም። የቤቱን ቁጥር ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ሁለት ጊዜ አጠፋ።

«ቀጣዩስ?» አሉ ሴትየዋ።

ወደሚቀጥለው ስም ወረደና «ኢታኩራ» ብሎ አነበበ።