ያልተደረሰበት መስመር

የፕሮግራም ቋንቋውን አዲስ ቅጂ የሚያዘጋጁት እሱና ምንትዋብ ነበሩ። አሮጌው ቅጂ ስህተት ያለበትን ፕሮግራም የሚያቆመው የተሳሳተው መስመር ላይ ሲደርስ ብቻ ነው።

«አዲሱ ገና ፕሮግራሙ ሲከፈት አልቀበልም ይበል» አለች።

«ተይ እንጂ እህቴ! ስንቱ የቆየ ፕሮግራም አልከፈት ሊል ነው? በዚሁ ቋንቋ የተጻፈው የሰፈራችን ክሊኒክ ኦክስጅን መቆጣጠሪያ ይኸው ሦስት ዓመት ያለ እንከን ሠርቷል። የሚሠራ ነገር አይነካም።»

እሱ ያለው ሆነ።

በዓመቱ እናቱ እዚያው ክሊኒክ ተኛች። አንድ ጠዋት ኦክስጅኑ አለቀ፤ ማስጠንቀቂያው ግን አልጮኸም። እሱ ሲደርስ ፊቷን በአንሶላ ሸፍነውታል። የመቆጣጠሪያው ማሳያ ላይ ፕሮግራሙ የቆመበት መስመር ይታያል። በአራት ዓመት አንዴ ብቻ የሚደረስበት መስመር ነው። ቆሞ አነበበው።

ነርሷ ቅጽ ይዛ መጣች።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ጳጉሜ ዛሬ አምስት ነው ስድስት?»

«ስድስት» አላት።