የዋንዛው ሌባ

ሦስተኛውም አውራ ዶሮ ጠፋ። ሰውየው እንደ ፊተኞቹ ሁለቱ ሁሉ ጠጅ ቤት ወስዶ ከወዳጆቹ ጋር አጥንቱን ከጋጠ በኋላ፣ ጢሙን ጠራርጎ ቤቱ ገባ።

«አስካለ፣ ዋንዛው ላይ ያለው ጭልፊት ጨረሰን እኮ። ክንፉን ሲዘረጋ ግቢው ይጨልማል» አላት ሚስቱን። አይቶት አያውቅም፤ አንድ የሰፈሩ ጫካ ጠባቂ ዋንዛው ላይ ጭልፊት መኖሩን ሲያወራ ሰምቶ ነው።

አስካለ መሰላል ይዛ ወጣች። ከዛፉ ስትመለስ ጭብጧን ፊት ለፊቱ ከፈተችው። ድንቢጥ የሚያክል ጭልፊት፣ የአንበጣ እግር በመንቁሩ እንደያዘ፣ አፍጥጦ አየው።

«አውራ ዶሮ የሚወስደው ይሄ ነው?»

ሰውየው ግን አልተረታም። «ይሄማ ጫጩቱ ነው። እናትየዋን ባየሻት።»

«ከእንቁላሎቿ ላይ ነው ያነሳኋት» አለች አስካለ።