ያቺ አንዷ a

ሀብተሥላሴ ሰው ሲቸገር ቆሞ ማየት አይሆንለትም። ምን ይደረግ፣ እንዲህ ሆኖ ነው የተፈጠረው።

በ2005 ዓ.ም. አምቦ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ረዳት ነበር። ሥራው ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ገና ለሚጀምሩ ተማሪዎች ስህተታቸውን ማሳየት ነው። ስህተት ደግሞ ሞልቶ! አንዱ መስመሩ መጨረሻ ላይ ሁለት ነጥብ ይረሳል። ሌላዋ ወደ ውስጥ ገባ ማለት ያለበትን መስመር ከዳር ትጀምረዋለች። ኮምፒውተሩ በቀይ ፊደል ይቆጣቸዋል፤ እነሱ ደግሞ "ቲቸር! እምቢ አለኝ!" እያሉ ይጮኹበታል።

"አካም ቡልተን! እንዴት አደራችሁ፣ ምን ሆናችሁ ደግሞ?" ይላል እየሳቀ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ኦሮምኛውን በአራት ዓመት ከባጃጅ ሾፌርና ከሻይ ቤት ለቃቅሞታል። ተማሪዎቹ ይስቁበታል፤ ደግሞ ነፍሳቸው ነው።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ግን ቀልድ አያውቁም። ኮንትራቱን ሲያድሱለት አስጠንቅቀውታል፦ "በአፍህ ብቻ አስረዳ። የተማሪ ኪቦርድ ስትነካ ካገኘሁህ ሻንጣህን አዘጋጅ።" እሺ ብሏል። ማን እምቢ ይላል?

ሰኔ ላይ አንድ ጠዋት፣ ወይዘሮዋ ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጣሉለት። የሃዊና የቱፋ የመጨረሻ ሥራ ነው፤ ስምና ውጤት ተቀብሎ ማን እንዳለፈ የሚናገር አጭር ፕሮግራም። ከላይ ካለው የባለቤቱ ስም በቀር ሁለቱ ነጥባቸው ሳይቀር አንድ ነው።

"አንዱ ከአንዱ ገልብጧል" አሉ። "ልጆቹን አንተ ታውቃቸዋለህ። እስከ ስድስት ሰዓት የገለበጠውን ስም ጽፈህ ስጠኝ፤ አንድ ዓመት ይታገዳል። ካልሰጠኸኝ ሁለቱንም አሰናብታለሁ።"

ሀብተሥላሴ ሆዱ ባባ። ሃዊ ከደንዲ ገጠር ናት፤ አባቷ ኮሌጅ የላኳት በስንት ሽማግሌ ልመና ነው። አንዴ ቤት ከተመለሰች ዳግመኛ እንደማይለቋት ራሷ ነግራዋለች። ቱፋ ግን? የአዲስ ዓለሙ ቱፋ ከደብተሩ ይልቅ ፀጉሩን የሚያበጥር ልጅ ነው። እሱ ነው፣ ሌላ ማን ሊሆን! ሁለቱንም አስጠራቸው።

"ቱፋ፣ ሦስተኛው መስመር ምን ይሠራል?"

ቱፋ ወለሉን አየ። "እንጃ፣ ቲቸር።"

"አንቺስ?"

ሃዊም አቀረቀረች። "በደንብ አልገባኝም፣ ቲቸር። ግን አልገለበጥኩም።"

"እኔም አልገለበጥኩም" አለ ቱፋ።

ሁለቱ ተያዩ። ቀጥሎ እሱን አዩት። ሀብተሥላሴ ደሙ ፈላ።

"እናንተን ላድን እኮ ነው የምለፋው! ተናገሩ እንጂ!"

"ምን እንበል፣ ቲቸር?" አለች ሃዊ ቀስ ብላ።

የኦሮምኛ አስተማሪው ኦቦ ፈየራ ፈተና ሊያሳትሙ መጥተው ማተሚያው አጠገብ ቆመው ነበር። ከወረቀቶቹ አንዱን አንስተው አዩና ሳቁ።

"ይሄ maqa የሚለው ምንድን ነው?"

"ስም ማለት ነዋ" አለ ሀብተሥላሴ። "ስም የሚቀበለው መስመር ነው።"

"ስማ እንጂ! ስም maqaa ነው፣ በሁለት a። እኛን ሦስተኛ ክፍል በዱላ ነው ያስያዙን። በኦሮምኛ የተማረ ልጅ ቢሞት በአንድ አይጽፋትም። ይሄን የጻፈው በአማርኛ የተማረ ነው።"

ሀብተሥላሴ ክው አለ። አዲስ ዓለም አክስቱ ጋ ያደገው ቱፋ በአማርኛ ነው የተማረው። ሃዊ ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በኦሮምኛ። እንግዲያው የጻፈው ቱፋ ነው፤ የገለበጠችው ሃዊ ናት። ይህን ከማወቅ ባልተወለደ ይሻለው ነበር።

በዚህ መሐል ወይዘሮ ፈትለወርቅ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል።

"ሃዊ፣ ስም በኦሮምኛ በስንት a ይጻፋል?" አለ ሀብተሥላሴ።

"በሁለት።"

"ታዲያ ምነው በአንድ ሆነ?"

ሃዊ አፏን ከፈተች። በሩን አየች። እሱን አየች። አፏን መልሳ ዘጋች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"እኔን ይጻፉኝ፣ ቲቸር" አለ ቱፋ ድንገት። "የገለበጥኩት እኔ ነኝ በቃ።"

"ውሸት አልጽፍም!"

የሃዊን ስም ጻፈ። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ወረቀቱን አጥፈው ይዘው ሄዱ፤ ኦቦ ፈየራም ራሳቸውን እየነቀነቁ ተከተሉ። ምን ማድረግ ይቻል ነበር? ምንም።

ሃዊ ቦርሳዋን አነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች።

"ለእኛው ብለው ነው ያደረጉት፣ ቲቸር። አውቃለሁ። አይዘኑ።"

የፈረደባት ልጅ ስታጽናናው እንባው መጣ። ቱፋ ቦርሳዋን ተቀብሏት አብሯት ወጣ።

ጥግ ላይ፣ ከጠዋት ጀምሮ ተራዋን ስትጠብቅ የቆየችው ናኦሚ እጇን አወጣች። የመጀመሪያ ፕሮግራሟ ነው፤ ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆኖባታል።

"ቲቸር፣ እኔንም እምቢ አለኝ።"

እንባውን በእጅጌው ጠራረገና ሄዶ አየላት። ሁለት ነጥቡ የለም፣ መስመሩ ሁሉ ተዘበራርቋል። አሳዘነችው።

"ተነሽማ፣ ለቀቅ አድርጊው። ይሄን ከማረም እንደ አዲስ መጻፍ ይሻላል" አለና ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። የጻፈችውን ሁሉ አጠፋው።

ከዚያ ጣቶቹ፣ እንደ ልማዳቸው፣ የመጀመሪያውን ቃል ጻፉ፦ maqa፣ በአንድ a።